ለሰባት መስመር ኮድ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከሜክሲኮ እስከ ሰንጋ ተራ ቤት ለቤት ቢታሰስ፣ ለዓለም ሕግ ያስወጣ ሰው ከእኔ በቀር አይገኝም። አልቀለድኩም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ደብዳቤ የሚጻጻፉበት አንድ የኢሜል ፕሮግራም አለ። ባለቤት የለውም፤ የሚሠሩት ከየቦታው የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኮዱን ማንም ገብቶ ማየት፣ የተበላሸ ነገር ካገኘም አስተካክሎ መላክ ይችላል። ማስተካከያ ለሚልኩ ሰዎች የተጻፈ መመሪያ አላቸው። በዚያ መመሪያ ውስጥ በእኔ ምክንያት የተጨመረ አንድ አንቀጽ አለ። ቶኪዮ ያለውም ፕሮግራመር፣ ናይሮቢ ያለውም ፕሮግራመር ሥራውን ከመላኩ በፊት ጎንበስ ብሎ ያነበዋል።

አንቀጹ የሚለው፣ ባጭሩ፣ እኔ ያደረግኩትን ነገር ዳግመኛ ማንም እንዳያደርግ ነው።

ሥራው መጀመሪያውኑም የእኔ አልነበረም። የጎረቤቴ ነበር። ያን ጊዜ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖን ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በራችን ፊት ለፊት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ረጅም ስላችሁ፣ የኮሪደራችንን አምፑል ያለ ወንበር የሚቀይር ረጅም። አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ኩላሊቱ ታመመና ሥራውን ለቀቀ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ በማግስቱ ቤት ይተኛል። የሚያስታምሙት ታላቅ እህቱ ነበሩ፤ እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረው ሰው የለም። አሮጌ መጻሕፍት እየገዛ፣ አንዳንዱም መጽሐፍ መጨረሻው የተገነጠለ፣ ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው።

ከሕመሙ የተረፈችውን ጉልበት ለነዋሪዎች ኮሚቴ ሰጥቶ ነበር። ጸሐፊ ነው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ የትኛው ብሎክ በየትኛው ቀን እንደሚደርሰው ደረጃው ሥር ከመለጠፍ አልፎ ኢሜል ላላቸው ቤቶች በኢሜል መላክ ጀመረ። ቤቱ ኢንተርኔት ስላልነበረ ማስታወቂያውን በፍላሽ ይሰጠኛል፣ እኔ ሜክሲኮ ካለው ቢሮዬ በእሱ አድራሻ እልክለታለሁ። ኢሜል ያላቸው ቤቶች ሲባል ስታዲየም የሚሞሉ እንዳይመስላችሁ። አሥራ አንድ ነበርን፤ ከአሥራ አንዱም አራቱ የይለፍ ቃላቸውን ረስተዋል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የመልእክቱ ርእስ ረዘም ሲል መሃል ላይ አንድ ፊደል ተሰብሮ ይደርሳል፤ በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ነገር ትቀመጣለች። አንድ ሳምንት ጥቁሯ ነገር ቀኑ ላይ አረፈች። የእኛ ብሎክ ሰው በግምት ወጥቶ በተሳሳተ ቀን ጀሪካን ይዞ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። እኔ ራሴ ሰባት ጀሪካን፣ ሁለት ባልዲና አንድ የሕፃን መታጠቢያ ይዤ ነበር የወጣሁት፤ ሕፃን እንኳ የለኝም። ሁላችንም ሳቅን።

እሱ አልሳቀም። ኮዱን አስወርዶኝ፣ በፍላሽ ተቀብሎኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስህተቱን ሲፈልግ ሰነበተ። ያገኘው ቀን በሬን አንኳኳ፤ እሱ ሰው ቤት የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።

"የፈረንጅ ፊደል አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የእኛ ፊደል ሦስት ወንበር ይይዛል" አለኝ ቆሞ። "ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ግን ወንበሩን ነው፣ ሰውየውን አይደለም። ርእሱ ሲረዝምበት ለሁለት ይከፍለዋል። ሲከፍለው መሃል የተቀመጠውን ፊደል ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ ያደርገዋል።"

"እንደ ሚኒባስ ረዳት በለኛ። ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ ብሎ፣ የአንዱን እግር ሜክሲኮ ጥሎ ራሱን ልደታ የሚያደርስ።"

"እንደሱ በለው።"

"እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?"

"ሰውየውን እንዲቆጥር አደረግኩት። ሰባት መስመር ብቻ ነው።"

በማግስቱ መመሪያውን እንዳትምለት ጠየቀኝ። ቢሮ ሄጄ ሳትም አሥራ ዘጠኝ ገጽ ወጣ፤ የወረቀት ክፍሉ ሰዎች ያን ቀን ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ አለ። እሱ ጥግ ጥጉን በክር ሰፍቶ፣ በእርሳስ እያሰመረ ለአንድ ሳምንት አነበበው። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ እንኳ እንደዚያ ያነበበ ሰው አላየሁም።

"ስማ፣" ይለኛል፣ "አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ላክ ይላል። አንዱን እያስተካከልክ እግረ መንገድህን ሌላውን አትንካ።"

"ይህንን ለኮሚቴው አንብብላቸው። ስብሰባችን በአሥር ደቂቃ ያልቃል።"

"ደግሞ ምን እንደቀየርክ ሳይሆን ለምን እንደቀየርክ ጻፍ ይላል። ምኑን ኮዱ ራሱ ይናገራል፤ ለምኑን ግን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።"

"ይሄስ ጥሩ ነው።"

"የምትልከውን ነገር አንተው ራስህ ማስረዳት መቻል አለብህ። ደግሞ ገምጋሚው የሚተቸው ሥራህን ነው እንጂ አንተን አይደለም፤ አትቀየም።"

"አለመቀየምማ የለም። ሥራዬን የሰደበ እኔን ሰደበ፣ አበቃ።"

እየሳቀ ገጽ ገለበጠ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ እኔ ቢሮአችን ውስጥ ስለተጣሉ ሁለት ሰዎች ወሬ ጀምሬ ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ ያለውን አልሰማሁም። ጥሩ ወሬ ነበር። እሱም እኔን ላለማቋረጥ መመሪያውን አጥፎ አዳመጠኝ።

ወሬዬ ሲያልቅ ነው እንግዲህ፣ ሳልጠይቀው፣ እንዲህ ያለኝ። "ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋረጥኩ። ቤት ጀመርኩ፣ መሠረቱ ላይ ሸጥኩት። ቀለበት አሰርኩ፣ ሳልጋባ ቀረሁ። የጀመርኩት ነገር ሁሉ መሠረቱ ላይ ነው ያለው። ይቺ ሰባት መስመር ስትገባ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ እወረውር ነበር። እትዬ ግን ከወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበርና አፌን ዘጋሁ። ሐኪሙ የነገራቸውን እሳቸው ለእኔ ደረጃው ላይ ነግረውኛል፤ እሱ ደግሞ ሳይነገረው ያውቃል።

ሥራውን ላክን። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ወንድ ይሁን ሴት፣ የት አገር ይኑር የማናውቀው ገምጋሚ ነው የጻፈው። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እንደምን ሰነበታችሁ የለ፣ ጤና ይስጥልኝ የለ፣ አክባሪዎ የለ። "ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ክፍተቶቹን መቀየር ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ይውጣ። መፈተኛ አልተጻፈለትም። በዚህ መልኩ አልቀበለውም።" ይኸው ነው። ለከሰሰኝ ሰው እንኳ ከዚህ የረዘመ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

አትሜ ወሰድኩለት። አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

"ክፍተቶቹን እኔ አልነካሁም።"

"እ... እኔ ነኝ። ቢሮ ስከፍተው መስመሮቹ ወጣ ገባ ብለው አየኋቸው፤ አሰለፍኳቸው። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር አይደል እንዴ?"

ሳቁ ሳል ሆነበት። እትዬ ውሃ ይዘው መጡ። "ምን አልከው ደግሞ አንተ?" አሉኝ።

"ገምጋሚው ሰድቦታል እትዬ።"

"አልሰደበኝም" አለ እሱ። "ልክ ነው ያለው። መፈተኛም አልጻፍኩም።"

"ሰላምታ እንኳ የለውም እኮ!"

"ጊዜ የለውማ። እሱም በነጻ ነው የሚሠራው።"

ሁለት ቀን ወስዶ አስተካከለው፤ መፈተኛውንም፣ ሥራው ልክ መሆኑን የሚሞክረውን ትንሽ ኮድ፣ ጻፈ። ከፍላሹ ጋር መልሱን በወረቀት ሰጠኝ። አራት መስመር ነው፤ እንደ ገምጋሚው ሁሉ ሰላምታ የለበትም፤ እኔ ስለሱ አፈርኩ። "ይህንን ላክ። ምንም አትጨምርበት፣ ምንም አታሳምርበት" አለኝ። አዲሱ የፕሮግራሙ እትም ሊወጣ ነውና ከሦስት ሳምንት በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚላክ ሥራ የሚቀጥለውን እትም ይጠብቃል። የሚቀጥለው እትም ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ስድስት ወር የሚለውን ቃል ሁለታችንም ጮክ ብለን አላልነውም።

እንዳዘዘኝ ላክኩ። በማግስቱ ሕመሙ ጠናበትና ሆስፒታል ተኛ።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን መልስ የለም። መመሪያው አንድ ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ ይላል፤ ይህችን እንኳ ነግሮኝ ነበር። እትዬ ግን ከሆስፒታል ልብሱን ሊያጥቡ ሲመጡ ደረጃው ላይ ያገኙኛል። "መልስ መጣ ወይ ይላል። ከእሱ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። ምን ልበለው?"

እንግዲህ ነገሩን በእኔ ጭንቅላት አስቡት። አንድ ሰው ሥራ ላከ። ሌላው ሰው ተቆጥቶ መለሰበት። አሁን ደግሞ ኩርፊያ ይመስላል፣ ዝም ብሏል። እኛ ሰፈር ሁለት ሰዎች እንዲህ ሲሆኑ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ሌላ ምን መንገድ አለ? ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው ነኝ፤ ስለ አንዲት የጋራ ግድግዳ ዓመት የተኳረፉ ሁለት ቤተሰቦችን በአንድ ከሰዓት ያሳቅኩ ሰው ነኝ። አንድ ገምጋሚ ያቅተኛል?

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ለመንኩ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፣ ሲናገሩ ካርታ ላይ በዱላ የሚያመለክቱ የሚመስሉ። የቢሮአችንን የመዝገብ ቤት ኃላፊም ለመንኩ፤ እሳቸው ደግሞ ሽምግልና ተቀምጠው ሳይታረቅ የተነሣ ሰው የለም ይባላል። እኔ ሦስተኛ። ሰብሳቢው በኪቦርድ አንዲት ፊደል የሚያገኙት በሩብ ሰዓት ስለሆነ ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ቆመው ይናገራሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አዞራለሁ። ለሦስታችንም አዲስ አካውንት ከፈትኩ። ከአንድ ኮምፒውተር፣ ከአንድ ወንበር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ።

"የተከበሩ ገምጋሚ ሆይ፣" ብለው ጀመሩ ሰብሳቢው፣ "እኛ የልደታ ነዋሪዎች እግርዎ ላይ ወድቀናል ብለህ ጻፍ።"

"እግር ይቅር ጋሼ፣ ላይገባቸው ይችላል።"

"ሽምግልና ያለ እግር የለም። ጻፍ! ወንድማችን በማወቅም ሆነ ባለማወቅ አስቀይሞዎት እንደሆነ..."

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ስለ ጎረቤቴ ጠባይ መሰከሩ፤ አይተውት አያውቁም፣ ግን አምርረው መሰከሩ። እኔ የመጨረሻውን ጻፍኩ። ሰውየው በጠና ታሟል አልኩ። ብዙ ጊዜ የለውም አልኩ። ስለ ነፍሳችሁ ስትሉ ሰባቷን መስመር አስገቡለት አልኩ። ስጽፈው ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ በራሴ ጽሑፍ ማልቀስ ልማዴ ነው።

መልሱ በማግስቱ መጣ። በአሥራ ሁለተኛው ገጽ መሠረት አንድ ሰው አንድ አካውንት ብቻ ይኖረዋል። አንድ ሰው በብዙ ስም እየገባ ገምጋሚዎችን ማስጨነቅ ክልክል ነው። አራቱም አካውንቶች፣ የጎረቤቴ አካውንት ጭምር፣ ለሦስት ወር ታግደዋል። የቀረበው ማስተካከያ ሳይታይ ተዘግቷል።

ለእሱ መንገር ነበረብኝ። በጠያቂ ሰዓት ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፤ የእሱ እግር ከአልጋው አልፎ በብረቱ መካከል ወጥቷል። እትዬ ብርቱካን እየላጡ ነበር። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ "ሽማግሌዎቹ ታሰሩ" ብዬ ልጀምር ነበር። ጀመርኩም። ሰብሳቢው ስለ እግር ያሉትን፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የመሰከሩትን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፤ አጠገቡ የተኙት ሁለት በሽተኞችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውት ሳቁ። ከዚያ የሦስተኛውን ደብዳቤ ነገር ነገርኩት።

ሳቁ ቆመ።

"ታሟል አልካቸው?"

"ታዲያ አልታመምክም እንዴ?"

"ሊሞት ነውም አልካቸው?"

"ብዙ ጊዜ የለውም ነው ያልኩት።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። እትዬ ብርቱካኑን ይዘው እጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"እዚያ ቦታ ማንም አያውቀኝም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው በሽተኛ ነው። አንተም፣ እሷም፣ ነርሷም። እዚያ ግን ሰባት መስመር ብቻ ነበርኩ። ጥሩ ከሆነች ትገባለች፣ መጥፎ ከሆነች ትወድቃለች። በምሕረት እንድትገባ አይደለም የላክኋት።"

"ይቅርታ።"

"ለክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ።" ብርቱካኑን ከእትዬ እጅ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። "ብላ። መልክህ እንደ ለቅሶ ቤት ሆኗል፤ አያምርብህም።"

አዲሱ እትም ወጣ። ርእሶቻችን ተሰብረው መድረሳቸውን ቀጠሉ፤ ሰፈሩ ወደ ወረቀቱ ማስታወቂያ ተመለሰ። እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ገባ፤ ግን የገባው ሰውዬ ከወጣው ሰውዬ ግማሹ ነበር። ከዚያ በኋላ አምፑል ሲቃጠል ወንበር ይዤ የምወጣው እኔ ሆንኩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠራኝ። ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ ነው።

"ሦስት ወሩ ሲያልቅ እኔ አልደርስ ይሆናል" አለኝ፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። "እገዳው ሲነሣ አንተ በራስህ ስም ትልካታለህ። ግን የማታስረዳውን ነገር መላክ አይቻልም። ስለዚህ አስተምርሃለሁ።"

"እኔን?"

"ሌላ ማን አለ? ኮምፒውተር ታውቃለህ።"

እሑድና ሰኞ፣ ከዚያ ደግሞ እሑድና ሰኞ፣ ከዚያ አንድ እሑድ። አምስት ከሰዓት አስተማረኝ። ትንፋሹ ሲያጥረው ያርፋል፣ ከዚያ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ርእሱ የት ላይ እንደሚከፈል፣ ለምን ከዚያ ቁጥር ላይ እንጂ ከዚህኛው ላይ እንዳልሆነ፣ ወደ ኋላ ስንት እርምጃ ሄዶ የፊደሉን መጀመሪያ እንደሚፈልግ። በመስመሮቹ ላይ ጣቱን እያስሄደ ያሳየኛል፤ ጥፍሩ ገርጥቶ ነበር። በየመሃሉ "ገባህ?" ይለኛል። "ገባኝ" እላለሁ። አንዳንዴ ቀልድ ጣል አደርግበታለሁ፤ እሱ ይስቃል፤ ሲስቅ ትምህርቱ ትንሽ ያርፋል። በአምስተኛው ቀን ላፕቶፑን ከደነና "እንግዲህ አለቀ፤ አሁን የአንተ ናት" አለ። ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት እርካታ ነበር። እትዬም አዩት፤ ከወጥ ቤቱ በር ዞር ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ነሐሴ ውስጥ አረፈ። ድንኳኑ ግቢው መሃል፣ ልብስ ከምናሰጣበት ቦታ ላይ ተተከለ፤ ዝናቡ ጨርቁን ሆድ አስወጥቶት የእድሩ ሰዎች በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፉ ውሃውን ያፈሱ ነበር። ሰው ለቅሶ ሲደርስ እኔ አጠገብ መቀመጥ ይወዳል፤ አንድ ነገር ይለናል ብሎ ይጠብቃል። በሰፈራችን ለቅሶ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ሰው ፈገግ የሚያሰኘው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ አንድ ቃል አልነበረም። ሰብሳቢው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

እትዬ በሰባተኛው ቀን ጠየቁኝ። "ያቺ ነገር... ተቀበሉለት?"

"ሊቀበሉት ነው እትዬ።"

"ተመስገን" አሉ።

እገዳው ሲነሣ ለገምጋሚው ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ያለ እግርና ያለ እንባ፣ እውነቱን ብቻ። አራቱ ሰዎች አራት ሰዎች እንደነበሩ፣ ከአንድ ኮምፒውተር የጻፍንበትን ምክንያት፣ በአገራችን ሰው ሲቀያየም ምን እንደሚደረግ፣ የሥራው ባለቤትም ስለ ሽማግሌዎቹ የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ጻፍኩ። ማረፉን በአንድ መስመር ጨመርኩ፤ ይህንንም አልጨምር ነበር፣ ግን ለምን ራሱ እንደማይጽፍ መናገር ነበረብኝ።

መልሱ በሁለት ቀን መጣ። በዚህ ጊዜ ሰላምታ ነበረው። ገምጋሚው አዘነ። መቀያየም የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ በእነዚያ አምስት ቀናት ዝም ያለው እናቱን ሊጠይቅ ገጠር ሄዶ ስለነበረ መሆኑን ጻፈልኝ። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ እንደሚጨምሩ ነገረኝ፦ ዝምታ ቁጣ አይደለም፣ ስለ ሥራችሁ ሌላ ሰው እንዲማልድላችሁ አትላኩ። ከዚያ ሰባቷን መስመር ደግሞ ማየቱን፣ ንጹሕ ሥራ እንደሆነች ጻፈ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችው፦ ርእሱን የሚከፍለው ከዚያ ቁጥር ላይ የሆነው ለምንድን ነው? ለዚህች መልስ ሲጻፍላት በሟቹ ስም አስገባታለሁ፤ አንድ ወር እጠብቃለሁ አለ።

መልሱን ጎረቤቴ ነግሮኛል። ሁለተኛው እሑድ ላይ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ፣ ደግሞ ደጋግሞ ነግሮኛል።

አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ቢሮ ገብቼ ያንን ደብዳቤ ከፈትኩት። "ውድ ገምጋሚ" ብዬ እጽፋለሁ፤ አጠፋለሁ። የወሩ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ መልስ ባለመገኘቱ ተዘጋ የሚል አጭር መልእክት መጣ። ገምጋሚው ከሥሩ ስፈልግ መልሼ መክፈት እንደምችል ጽፎ ነበር። አልከፈትኩትም። በሁለተኛው ዓመት የማናውቀው ሌላ አገር ያለ ሰው የራሱ አገር ፊደል ስለተሰበረበት በራሱ መንገድ አስተካከለው፤ የእኛም አብሮ ዳነ። የእሱ ስም እዚያ ተጽፏል፤ ሥራውን ሠርቷልና ይገባዋል።

እትዬ ቤቱን አከራይተው ወደ ዘመዶቻቸው ሲሄዱ ላፕቶፑን ለእኔ ሰጡኝ። "አንተ ነህ የምታውቅበት" አሉኝ።

አላውቅበትም። ፕሮግራም ማንበብ አልችልም፤ ያን ጊዜም አልችልም ነበር፣ ዛሬም አልችልም። አምስቱን ከሰዓት "ገባኝ" ያልኩት ሁሉ ውሸት ነበር፤ ከመጀመሪያው እሑድ አሥር ደቂቃ በኋላ ያለው አንድም ነገር አልገባኝም። አልገባኝም፣ ድገምልኝ ማለት አፈርኩ፤ ሊሞት መሆኑን እያወቅኩ፣ የቀረውን ትንፋሽ እኔ ላይ እየጨረሰ እያየሁ፣ አፈርኩ። ለገምጋሚውም አላውቅም ብዬ መጻፍ አፈርኩ። የጎረቤቴ ሥራ የቀረው በዚህ ነው።